ሻምበልን ያዳነልን ሰው

ነፋስ ስልክ
ኅዳር 1 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሣራ ላቀው
ሶዶ

የዓይኔ ማረፊያ ሣራ፣ ሰላምታዬ ካለሽበት ድረስ ይምጣልሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ዝናብ ሲመጣ ከሰማዩ ቀድሞ ይነግረኛል። ይህን ደብዳቤ ለፖስታ ቤት አልሰጠሁትም። የምታመጣልሽ የጎፋዋ ጤናዬ ናት፤ እናቷን ልትጠይቅ ወደ ሶዶ ስለምትወርድ። ስሟን ስታይ «አባባ ጤናዬን የት አወቃት?» እንደምትዪ ይገባኛል። ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ። አንብበሽ ስትጨርሺ ግን አቃጥዪው።

ሻምበል ታሞ ነበር። አሁን ድኗል፤ ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ እንባሽ ቅርብ መሆኑን ስለማውቅ ነው።

ያመጣሽው ቀን ትዝ ይልሽ ይሆን? የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርሽ። ለቡ ከኦቦ ሮበሌ ቤት ወስደሽ፣ ቡችላውን ቦርሳሽ ውስጥ ከተሽ፣ ደብተሮችሽን በክንድሽ ታቅፈሽ መጣሽ። እኔ «ወደ መጣበት መልሺው!» ብዬ ስጮህ እሱ ደረቱን ነፍቶ ቆሞ አየኝ። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ሳቋ አመለጣት። «እንዴት ይመለሳል? አቋቋሙን እየው እንጂ፣ ሻምበል እኮ ነው» አለች። በዚያው ሻምበል ሆኖ ቀረ። ያኔ ስሙ ቀልድ ነበር። ሻምበሎች አገር መግዛት ከጀመሩ ወዲህ ግን ደጅ ወጥቼ «ሻምበል፣ ና ግባ!» ከማለቴ በፊት ግራ ቀኙን አያለሁ።

እነዚያን እሑዶች አስባለሁ። እናትሽ ቆሎ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ ሦስታችን በለቡ ማሳ መሀል ስንሄድ፣ ሻምበል ከገብሱ ውስጥ ጆሮው ብቻ እየታየ ሲዘል። እኔ ሁልጊዜ ከፊት ከፊት እሄድ ነበር። ለምን እንደምቸኩል አሁን አላውቅም።

መስከረም መጨረሻ ላይ ነው፤ አንድ ሐሙስ ሳይመለስ አመሸ። በማግስቱ አጥሩ ሥር ወድቆ አገኘሁት፤ የቀኝ ታፋውን ጅብ ዘንጥሎታል። በሙቅ ውኃ አጠብኩለት፣ አልሆነም። ሰኞ ጠዋት ቁስሉ ሸቶ፣ እሱም መቆም አቃተው። ጎረቤቱ ሁሉ «ሳያብድ ይገደል» ይለኛል። ለዱቄት ፋብሪካው ዘበኞች ኃላፊ «ቤተሰብ ታሞብኛል» ብዬ ፈቃድ ወሰድኩ። አልዋሸሁም።

የውይይት ታክሲዎቹ ቁስሉ ሲሸታቸው ጥለውኝ ሄዱ። የጫነኝ ባለጋሪው ዳባ ነው። መጀመሪያ የፈረንጆችን ውሾች ያክማል ወደተባለ ሐኪም ሄድን፤ ሳያየው የጠራልኝ ዋጋ የግማሽ ወር ደመወዜ ነው። ከዚያ ወደ አንድ የመንግሥት የከብት ክሊኒክ ወሰድኩት። ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ፣

«የእንስሳው ዓይነት?» አለኝ።

«ውሻ።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «ጓድ፣ እኛ የምናክመው በሬ፣ ላም፣ በግ ነው። ውሻ ለምርት ምን አስተዋጽኦ አለው?»

«ቤት ይጠብቃል» አልኩት።

ያዘነልኝ መሰለኝ። «እስቲ ስሙ ማን ነው?» አለ።

ልጄ፣ ግድግዳው ላይ ከተደረደሩት የመሪዎቹ ፎቶግራፎች ሥር ቆሜ «ሻምበል» ልበለው? «ስም የለውም» አልኩ። እናትሽ ያወጣችለትን ስም ካድኩት። ያም ሆኖ መዝገቡ ላይ አልጻፈውም።

ወጥቼ ጋሪው ላይ ተቀመጥኩ። ዳባ ልጓሙን ይዞ፣ «ጋሼ ላቀው፣ ጎፋ አንድ ሰው አውቃለሁ። ወጋየሁ ይባላል፤ የመንግሥት ወተት ላሞች ሐኪም ነው። ከሥራ ሲወጣ የሰፈሩን እንስሳ በመድኃኒቱ ዋጋ ብቻ ያክማል። ግን...» አለ።

«ግን ምን?»

«ጴንጤ ነው።»

ግቢያችን መሀል ቆሜ «ከአንድ ጣራ ሥር ሁለት እምነት አይኖርም» ያልኩሽን አንቺም አልረሳሽው፣ እኔም አልረሳሁት። ሻንጣሽን ይዘሽ ስትወጪ ሻምበል እስከ አስፋልቱ ተከትሎሽ ነበር። እኔ ግን ከቆምኩበት አልተነቃነቅሁም።

ዳባ «ፈረሴን ሲያክምልኝ፣ ፈረሴ ሃይማኖቱን አልጠየቀውም» አለና ጋሪውን ወደ ጎፋ አዞረ።

በሩን የከፈተልን የጎማ ቦት ያደረገ ቀጭን ሰው ነው። እኔን ከማየቱ በፊት ጋሪው ላይ ያለውን አየ። «ሻምበል! ምን አገኘህ አንተ?» አለና እየሮጠ መጣ።

እኔ ስሙን አልነገርኩትም፣ ሣራ።

«ከየት ታውቀዋለህ?» አልኩት።

ሚስቱ ጤናዬ ከኋላው ብቅ አለች። «የሣራ አባት ነዎት አይደል? ሐሙስ ሐሙስ ለጸሎት ስትመጣ ይዛው ትመጣ ነበር። ከሄደችም በኋላ አልቀረም፤ ሐሙስ ሲሆን መጥቶ ደጃፋችን ላይ ይተኛል፤ ሲመሽ ወደ ቤቱ ይሄዳል።»

አንድ ዓመት ሙሉ፣ ውሻዬ ሐሙስ የት እንደሚውል አላውቅም ነበር። ልጄም የት ትውል እንደነበር አላውቅም ነበር።

ወጋየሁን መጀመሪያ ስለ ማበዱ ስጋት ጠየቅሁት። «አምና ሣራ አምጥታው እኔው ከትቤዋለሁ፤ አሁንም እደግመዋለሁ» አለ። ከዚያ አፉን በጨርቅ አሰርን። ፀጉሩን በምላጭ ላጨው፣ ቁስሉን በጨው ውኃ አጠበው፣ የሞተውን ሥጋ ቆረጠው። ሻምበል ሲንፈራገጥ ወጋየሁ፣ «ራሱን ይያዙልኝ፣ ያናግሩት፤ ድምፅዎን ይስማ» አለኝ።

ለውሻ ምን ይባላል? አሥር ዓመት ሙሉ «ውጣ» እና «ግባ» ብቻ ነው ያልኩት። ጆሮው ላይ ጎንበስ አልኩና «አይዞህ፣ ትመጣለች» አልኩት። ደጋግሜ አልኩት። ጤናዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ስፌቱ እስኪያልቅ ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ፔኒሲሊኑን ወጋው፤ ከዚያ እጁን ጫነበትና ዓይኑን ጨፈነ።

«ለውሻም ይጸለያል እንዴ?» አልኩት።

«ፈጣሪው አንድ ነው፣ አባባ» አለኝ።

የመድኃኒቱን ዋጋ ብቻ ተቀበለኝ። እኔም ግቢው ላለችው ላሙ እንዲሆናት ለሠራተኛ ከሚሸጥልን ፉርሽካ አንድ ከረጢት ወሰድኩለት።

ሻምበል በሁለተኛው ሳምንት ቆመ። ያነክሳል፣ ሩጫውም ቀርቷል። ሐሙስ ሲሆን ግን በሩን ይቧጭራል። ብቻውን ልልቀቀው? ጅቡ አለ። ስለዚህ ይዤው እሄዳለሁ። እነሱ ውስጥ ይጸልያሉ፣ እኔና እሱ ደጃፉ ላይ እንቀመጣለን። እምነቴን አልለወጥኩም፤ አንቺም ለወጠ ብለሽ እንዳታስቢ። ዝማሬያቸው ግን ዝቅ ያለ ነው፣ አይረብሽም። አንዱን ዜማ አንቺ ልብስ ስታጥቢ ታንጎራጉሪው ነበር። ያኔ «ዝም በይ» ብዬሽ ነበር።

ባለፈው ሐሙስ የቀበሌው ጥበቃ አባይነህ ጠመንጃውን አንግቶ መጣ። «እዚህ ምን ስብሰባ ነው ያለው?» አለ። ውስጥ ያለው ድምፅ ሁሉ ጸጥ አለ።

«ምን ስብሰባ አመጣህ? የእንስሳት ሐኪም ቤት ነው፤ ወረፋ ይዤ ነው» አልኩና የሻምበልን ስፌት ገልጬ አሳየሁት።

ጎንበስ ብሎ አየው። «እንዴት አድርጎ ሰፍቶታል!» አለ። ቀና አለና፣ «ፍየልስ ያያል?»

«ያያል። ሐሙስ ግን ሰው ይበዛበታል፤ ማክሰኞ አምጣት።»

ማክሰኞ እውነትም ፍየሉን እየጎተተ መጣ። ወጋየሁም አከመለት።

ልጄ፣ ብዙ ጻፍኩ። የምትበዪው እንዳያንስሽ፣ በብርዱም ተጠንቀቂ። የምታስተምሪያቸው ልጆች ቁምነገር ላይ ደርሰው ለማየት ያብቃሽ። እግርሽ የረገጠው መንገድ ሁሉ የቀና ይሁን፤ አምላክ፣ አንቺ በምትጠሪውም እኔ በምጠራውም ስሙ፣ አይለይሽ።

ሌላ የምጽፈው ነገር ነበረኝ፤ ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴ ወረቀቱን ቀደድኩት። ጤናዬ ነገ በጠዋት መሳፈሯ ስለሆነ ይህን ብቻ ልንገርሽ። የክረምቱ ዝናብ የክፍልሽን በር አሳብጦት አልከፈት ብሎ ነበር። አናጺ ጠርቼ አስላግኩት። አሁን በአንድ እጅ ይከፈታል።

አባትሽ
ላቀው