ማህተም ያልተመታባት ሰንጢ

ሚያዝያ 12 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ለግትሯ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ ጤነኛ ነው። እኔም ደህና ነኝ፤ ማንም ሌላ ነገር ቢነግርሽ እንዳታምኚ።

በመጀመሪያ ስለ ስልኩ። እሑድ እሑድ ስትደውዪ እናትሽ ስልኩን ስትዘረጋልኝ በእጄ የምመልሰው በኩርፊያ አይደለም። ስልኩ ተበላሽቷል። ሰው የሚያወራበት ሳይሆን ጉንዳን የሚርመሰመስበት ይመስላል። ለእናትሽ እንዴት እንደሚሠራላት እንጃ። የግድግዳው ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ ይሄዳል፣ ግን ድምፁ ጠፍቷል። የዘንድሮ ዕቃ።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ሰንጢዎቻችንን የሚረከበን ነጋዴ በትልቁ መንገድ ላይ አዲስ ሱቅ ከፍቷል። መግቢያው ላይ የመስታወት ሣጥን አሠርቶ ከየሠሪው አንዳንድ ሰንጢ ሊያስቀምጥበት ነው። "ሰው አይቶ ‘የወፍ እግር ማለት ይህ ነው’ የሚለውን አንድ ብቻ ስጠኝ" አለ። ያለውም በአፉ አይደለም፤ ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጠኝ። ሰው ሁሉ መናገር ትቶ መጻፍ ይዟል። የሚፈልገው ከወሩ መጨረሻ በፊት ነው።

ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁትን በአንድ ሰንጢ ተናገር ማለት ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ግን አላመነታሁም። "ሰፊው" አልኩ። ታውቂዋለሽ፤ የቀንድ እጀታ፣ አንድ ስለት፣ አንድ ሞላ፣ አለቀ። ማንም ሳያስተምረኝ ከተሰበረ የመኪና ሞላ ቆርጬ መጀመሪያ የሠራሁት እሱን ነው። ማህተሙም ከእሱ ጋር ነው የተወለደው። ቀጥ ያለ መሮ ብቻ ስለነበረኝ ሦስት ጭረት መታሁበት። ሰዉ "የወፍ እግር" አለው፣ ስማችን ሆኖ ቀረ።

ወልዋዩ ጭጭ ግን "ባለ ሁለት ስለቱ ይሁን እንጂ ጋሼ! የሚያበላን እሱ አይደል?" አለኝ፣ ፊቴ ላይ ተደቅኖ።

"የሚያበላንስ ጥርሳችን ነው" አልኩት።

ጭጭን ብታዪው አታውቂውም። አንቺ እያለሽ አፉ አያርፍም ነበር፤ ጭጭ ያልነውም በአሽሙር ነው። አሁን ስሙን አገኘ። ከንፈሩን ያነቃንቃል እንጂ ድምፅ አያወጣም። አርጅቷል።

ይህን ስንባባል እናትሽ ከጓዳ ወጣች። ከሽርጧ ኪስ ያቺን አንቺ የሠራሽላትን ትንሿን ሰንጢ አውጥታ ከብረት መያዣው ሞርሳ አጠገብ አኖረችና "ይህቺ" አለች።

"ማህተም የላትም" አልኳት።

"በማን ምክንያት?" አለች። ይህን በደንብ ሰማሁት። እናትሽ ስትቆጣ ጎረቤትም ይሰማል።

ልጄ፣ መቆለፊያ ስላበጀሽላት ማህተም ስከለክልሽ ያልኩሽን ዛሬም እላለሁ። ሰንጢ መቆለፊያ ካስፈለገው ሠሪው ሞላውን አላመነም ማለት ነው። አንቺ ደግሞ "የደከመ እጅስ ምን ይሁን፣ አባዬ?" አልሽና ሰንጢዋን ለእናትሽ ሰጥተሽ ሄድሽ። ቃሌን አላጠፍኩም።

ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ከሌላ ከምትሰሚው። የቤቱን ሕግ ታውቂያለሽ፤ ሰንጢ ሳይናገር ማህተም አይመታበትም። ጆሮ ላይ ይዘጋል፤ አንድ ጥርት ያለ ቀጭ ካለ ይመታል፣ ድምፁ ከደነዘዘ ይፈታል። ባለፈው ወር አንድ ሰፊ ጨርሼ ጆሮዬ ላይ ዘጋሁት። መንገዱ ጫጫታ ነበር። መታሁት። ጭጭ ሲወለውለው ሞላው ለቀቀና ስለቱ ጣቱ ላይ ተዘጋ። ተሰፍቶ ድኗል። ብቻ አይታጠፍለትም።

"ነግሬህ ነበር እኮ ጋሼ፣ ሞላው ላልቷል፣ ድምፁ ልክ አይደለም ብዬህ ነበር" ይላል። አልነገረኝም። እናትሽ ከጎኑ ቆማ ጆሮዋን በጣቷ ትነካካለች። ሐኪም ቤት የሚሄደው የታመመ ሰው ነው አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ማህተሙን አላነሳሁትም። ሥራ በዝቶብኝ ነው። የተጨረሱት ሰንጢዎች መደርደሪያው ላይ እንደተኙ ናቸው፤ ነጋዴው ያለ ማህተም አይረከብም። ጭጭ በደህናው እጁ አቧራቸውን ይጠርጋል፣ ቀና ብሎ ያየኛል፣ ደግሞ ይጠርጋል።

ሰሞኑን ትንሿን ይዣት ሰነበትኩ። እናትሽ በአንድ እጇ ጉልበቷን እያሸች በሌላው ትከፍታታለች። ተከፍታም አትነቃነቅም። መቆለፊያዋ መጥፎ አይደለም። ጥሩ ነው ግን አላልኩም።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ ጎረቤታችን ሹፌሩ ነው። አብሮ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይሰጥሻል፤ ትንሿና ማህተሙ ናቸው። አዎ፣ ማህተሙ ራሱ፣ መምቻው ብረት። አትደንግጪ፣ ሌላ የለንም፣ እንዳትጥዪው። ሰው በሌለበት፣ ጸጥ ባለ ቦታ ጆሮሽ ላይ ዝጊያት። አንድ ጊዜ ጥርት አድርጋ ቀጭ ካለች ምቺባት፣ መስታወቱ ውስጥ የምትገባው እሷ ትሆናለች። ካላለች አትምቺ። እኔ ሠራኋት፣ አባቴ ላካት ብለሽ አታድዪላት። እኔ መምታት አቅቶኝ አይደለም። ሰንጢን መስማት ያለበት የሠራው ነው።

ሹፌሩ ከዚያ ወደ ሌላ አገር ነው የሚጭነው። ፖስታ ቤት ደግሞ ስለት አይቀበልም፤ ጠይቄአለሁ። ስለዚህ ሁለቱም ከወሩ መጨረሻ በፊት በእጅ መምጣት አለባቸው። ነይ አላልኩም። በእጅ ነው ያልኩት።

የያዝሽው ይቅናልሽ። እጅሽን ከስለት፣ ልብሽን ከቂም ይጠብቅልሽ። በልጅ የተባረከ ቤት ይስጥሽ፤ ልጅሽም እንዳንቺ ግትር ይሁን፣ ያኔ ታይዋለሽ።

አባትሽ

ረስቼው፦ ድንገት ሰው ከመጣ የሱቁን በር አያንኳኳ። መንገዱ ጫጫታ ስለሆነ አልሰማም ይሆናል። በመስኮቱ በኩል ይምጣ። ወንበሬን ወደዚያ አዙሬዋለሁ።