«ደም የሚያሳንስ» ክኒን ላዘዘልን የትርጉም ክፍል

«ደም የሚያሳንሰውን ክኒን ጠዋትና ማታ ይውሰዱ። ድካም ወይም ማዞር ከተሰማዎት ይጠንቀቁ።»
(ከሆስፒታላችሁ የአማርኛ መመሪያ፣ ገጽ 2)

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የሕሙማን መመሪያዎች ትርጉም ክፍል ኃላፊ
ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ጤናዎ የተሟላ፣ የደም ዝውውርዎም ያልተጓደለ ሆኖ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ።

ከላይ ያለውን አንድ ፊደል ሳልነካ ገልብጫለሁ። የተሰጠው ዌስተርቪል ለሚኖረው፣ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የተባለውን ዕቃ ማንሻ መኪና ለሚነዳው ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ገብረየስ ነው። ባለፈው መጋቢት የግራ እግሩ የደም ቧንቧ ተዘግቶ፣ ከራሱ አካል ለመተኪያ የሚሆን ደም ሥር ስላልተገኘ፣ ሐኪሞቹ እስከ ጉልበቱ ታች ድረስ ሰው ሠራሽ ቧንቧ ዘረጉለት። ሲጋራውን በዚያው ቀን ጣለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በትሕትና እዘረዝራለሁ።

አንደኛ፦ የክፍልዎን የቋንቋ ፈጠራ አደንቃለሁ። በእኛ አማርኛ ደም ያነሰው ሰው በሽተኛ ነው፤ በእናንተ አማርኛ ግን ደም ማሳነስ ሕክምና ሆኗል። ወንድሜ ክኒኑን ሁለት ወር እንደታዘዘው ከወሰደ በኋላ አንድ ቀን ከፎርክሊፍቱ ሲወርድ አዞረው። ገጽ ሁለትን ደግሞ አነበበና «ደሜ ድሮም አንሶብኛል፤ ደግሞ በክኒን ላሳንሰው?» ብሎ ብልቃጡን ከነክኒኑ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ሚስቱ ሸዋረጋም ደሙ እንዲሞላ ቀይ ሥርና ጉበት ታበላው ጀመር። ክኒኑ፣ እንግሊዝኛው «ደም የሚያቀጥን» የሚለው፣ ደም እንዳይረጋ የሚከላከል፣ ቧንቧውንም ክፍት የሚያቆየው እሱ መሆኑን የሰማነው ቧንቧው ከተዘጋ በኋላ ነው።

ሁለተኛ፦ ቧንቧው እየጠበበ መሆኑን ቀድሞ የሚያሳየው የአልትራሳውንድ ምርመራ «እንደ አስፈላጊነቱ» ይደረጋል ብላችሁ ጽፋችኋል። ሰው ማስቸገር የማይወደው ወንድሜ አስፈላጊ ሆኖ አልታየውም፤ እግሩ አላመመውማ! ቀጠሮው ግን በእንግሊዝኛው ወረቀት ላይ ከነቀኑ ተጽፏል።

ሦስተኛ፦ ቧንቧው በተዘረጋ በሰባተኛው ወር እግሩ እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ድንገተኛ ክፍል ስናደርሰው፣ መዝገቡ ላይ «መመሪያ የማይከተል ታካሚ» ተብሎ ተጻፈ። መመሪያችሁን እንደ እሱ ቃል በቃል ያመነ ሰው ስለማላውቅ፣ ይህን ቀልድ የጻፈውን ሰው በስሙ ማመስገን እፈልጋለሁ።

አራተኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ነው። የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ያለኝ ሰው፣ ወረቀቱ በአማርኛ መምጣቱን ሳይ ኮርቼ፣ ሳላነበው አቀበልኩት።

ማጋነን አልወድም። ቀዶ ሐኪሙ እንዳስረዱኝ፣ እንዲህ ያለው ቧንቧ ክኒኑ ሳይቋረጥ ቢወሰድም፣ ምርመራው በሰዓቱ ቢደረግም ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ እግሩን ያሳጣችሁት እናንተ ናችሁ ለማለት እንኳ አልችልም፤ ይህንን የማወቅ ዕድልም አብሮ ጠፍቶብናል። የረጋውን ደም ለማውጣት ሁለት ጊዜ ሞከሩ፤ አልሆነም። ሰኞ ኖቬምበር 17 እግሩ ከጉልበቱ በላይ ይቆረጣል።

እንግዲህ በቋንቋችን ልትጽፉልን ስላሰባችሁ እጅግ እያመሰገንኩ፣ መዝገቡ መታረሙን፣ ገጽ ሁለትም ለሌሎች ሕሙማን እንዳይሰጥ መነሣቱን እስከ ዓርብ ኖቬምበር 14 ከቀኑ አሥር ሰዓት ድረስ በጽሑፍ እንዲያረጋግጡልኝ እጠይቃለሁ። ቀኑን ያጠበብኩት ወንድሜ «ጥፋቱ ያንተ ብቻ አልነበረም» የሚለውን ቃል ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ሳይገባ እንዲሰማው ብዬ ነው።

የክፍልዎን እያንዳንዱን ቃል ከእንግዲህ ሁለት ጊዜ የሚያነብ፣ ታዛዥ አገልጋይዎ
አንድርያስ ተፈሪ
ክሊንተንቪል

ማሳሰቢያ፦ መልሱን እባክዎ በእንግሊዝኛ ይጻፉልን። በአማርኛ የሚጻፍልን ከሆነ፣ ወንድሜ የሚቀረው አንድ እግር ብቻ መሆኑን ታሳቢ ያድርጉልን።