እዚህም የጣርማ በር ጉም አለ

ወንድሜ ሠረቀብርሃን፣ እንዴት ነህ? መኪናውስ? ካርዱ ላይ የምታየው ሐይቅ ዛሬ ጠዋት ብቻዬን አውሮፕላን ሳበር ከሥሬ ጠፋብኝ። ደመናው በአንዴ ግጥም አለና ክንፉን እንኳ ማየት አቃተኝ። ያኔ ወደ ደብረ ብርሃን ስንወጣ ጣርማ በር ላይ ጉም ይዞን፣ እኔ ጋቢና ተቀምጬ፣ አንተ የእጅ ባትሪ ይዘህ ከአባትህ አይሱዙ ፊት ፊት እየሄድክ «ና፣ ና፣ ቀኝህን ያዝ!» ስትል ታየኝ። እዚህም ከመቆጣጠሪያ ማማው አንድ ሰውዬ በሬዲዮ እንደዚያው እየመራ አወረደኝ።

መንገዱ የጠፋኝ ከሰዓት በኋላ ኢሚግሬሽን መስኮት ላይ ነው። የተማሪ ቪዛዬ ሊያልቅ ነው። አየር መንገዶቹ «የሥራ ፈቃድ አምጪ» ይሉኛል፤ መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት ደግሞ «መጀመሪያ የሚቀጥርሽ ፈልጊ» አለችኝ። «ታዲያ የቱ ይቅደም?» ብላት ከኋላዬ ያለውን ሰው ጠራች። ሠረቅ፣ እዚያ ከፊቴ ባትሪ ይዞ የሚሄድ ሰው የለም። አብራኝ የተማረችውን ኬንያዊት ባለፈው ሳምንት ቪዛዋ ስላለቀ ሻንጣዋን አስይዘው ወደ አገሯ ሸኟት። አሁን በር ሲንኳኳ መብራቱን አጠፋለሁ።

ቦታው አለቀብኝ። ባለቤትህን ትርንጎን ሳምልኝ፣ ሕፃኑንም። ወደ አንኮበር ከወጣህ የእኔን አባባ እያቸው። በየቅዳሴው ከሰማይ እንዳልወድቅ ይለምኑልኛል። በሰላም ወረደች በላቸው፣ እውነት ነው። እኔ የምፈራው ምድሩን እንደሆነ ግን አደራህን እንዳትነግራቸው።

እህትህ ሰርካለም