የተሰሎንቄ ጭስ በሁዳዴ

ሰኞ፣ ማርች 30፤ ጠዋት
የተሰሎንቄ የሥጋ ጭስ ዛሬም አልገጥም ብሎኛል። ደብተሬ፣ መቼም ታውቂኛለሽ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ቁጭ ብዬ የአውሮፓ ከተሞችን አየር በኮምፒውተር የማሰላ ሰው ነኝ። የዚችን የግሪክ ከተማ መኪና፣ ፋብሪካ፣ ነፋስ ጨርሻለሁ። የቀሩኝ ጥብስ ቤቶቿ ናቸው። ያውም በሁዳዴ! ሰባተኛ ሳምንት። ምስር በልቼ ስንት በግ እንደሚጠበስ አሰላለሁ።

ማስረከቢያው ጸሎተ ሐሙስ። ስሌቴ እዚያ በማሽን ከተለካው ጋር ካልገጠመ፣ አለቃዬ ዳግ ከተማዋን ለባልደረባዬ ለብራያን ይሰጥና እኔን እዚሁ ቅርብ ሎረል ከተማ ያለ የጠጠር ማምረቻ አቧራ ላይ ይመድበኛል። ሁለት ዓመት የለፋሁባትን ከተማ! ሞቼ ነው።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 1
ውርደት። ከተሰሎንቄ ደንበኛችን ኤሌኒ በስክሪን መጣች። በትሕትና ጠየቀች፤ በእናንተ ስሌት የከተማችን ሰው ለምንድን ነው ረቡዕና ዓርብ ሥጋ የማይጠብሰው? ዳግ የኤፕሪል ፉል ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሠንጠረዡን ከፈትኩት። የሞላሁት እኔ። ረቡዕ ባዶ፣ ዓርብ ባዶ። አስቤበት እንኳ አይደለም፤ እጄ ነው የጾመው። ኤሌኒ ረቡዕና ዓርብን የሚጾሙት አያቷ ብቻ እንደሆኑ ነገረችን። እኔ የጽሕፈት ስህተት ነው ብዬ ዋሸሁ። በጾም ውሸት!

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 2
አስተካከልኩት። ሁሉም ቀን ገጠመ፤ ከአንዱ በቀር። የማነጻጽረው ልኬት የዛሬ ሁለት ዓመት የተወሰደ ነው፤ በዚያ ሜይ 5፣ እሑድ፣ ጭሱ ሰማይ ነካ። የእኔ ስሌት ዝም። ብራያን ማሽኑ ተበላሽቶ ነው፣ ቀኑን እንሰርዘው ይላል። ዳግ እስከሚመጣው ሐሙስ ምክንያቱን ካላመጣሽ ይሰረዛል፣ ከተማዋንም ብራያን ይይዛታል አለ። ብራያን ፈገግ። ጸልዬ ልተኛ።

እሑድ፣ ኤፕሪል 5፤ ሆሳዕና
እማዬ ቤት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ግማሽ ሰዓት፣ አሌክሳንድሪያ። ዘንባባ ግንባሬ ላይ፣ ሽሮ ከፊቴ። እማዬ ቅዱስ ጳውሎስ መልእክት የጻፈላቸውን ሰዎች አንቺ ጭስ ትቆጥሪባቸዋለሽ ትላለች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ የወንድሜን የዳዊትን ጉድ ታሳየኛለች፤ ፋሲካ ለት ጓሮ በግ ሲጠብስ ጎረቤት እሳት አደጋ የጠራበትን። ዳዊት አይታይም፣ ጭስ ብቻ። ከላይ ቀን ተጽፏል። ሜይ 5። የዛሬ ሁለት ዓመት።

ጉርሻው ከእጄ ወደቀ። ግሪኮቹም ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ፋሲካቸው ከእኛው ጋር ነው! የነዳግ ፋሲካ ያን ዓመት ቀድሞ ስላለፈ ማንም አላሰበውም። ማሽኑ ጤነኛ ነው። ከተማው ሙሉ በግ እየጠበሰ ነበር። እማዬ ምን ሆነሻል ትላለች። የጠፋው በግ ተገኘ አልኳት።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 7
አልተናገርኩም። ፈራሁ። ይህን ካልኩ የረቡዕና የዓርቡም ምሥጢር ይወጣል፤ ሙሉ ከተማ ያስጾመች ሳይንቲስት! ዝም ካልኩ ደግሞ ሎረል፣ ጠጠር።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 8
ተናገርኩ። ሁሉንም፤ የእጄን ጾም ጭምር። ብራያን ሳቀ። ጥያቄው ለኤሌኒ ተላከ። መልሷ በደቂቃ መጣ፤ አባቷም ያን ዕለት ጠብሰዋል፣ በረንዳ ላይ። ፋሲካን ጨመርኩበት። ገጠመ! መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከተማዋ የእኔ ናት።

ዳግ መጣ። ሌላ የማላውቀው በዓል አለ? ብሎ ወረቀት አወጣ። ከልደታ ጀመርኩለት። አቦ ላይ ስደርስ ስብሰባ አለብኝ ብሎ ሄደ።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 11
ነገ ፋሲካ። ዳዊት በጉን ገዝቷል። የጓሮውን ነፋስ አሰላሁት፤ ጭሱ ቀጥታ ጎረቤቱ መስኮት ይገባል። ወሰንኩ። ዘንድሮ ጎረቤቱ እሳት አደጋ ሳይጠራ እኛ እሱን ለበጉ እንጠራዋለን፤ ጎድኑ የእሱ ነው።