ለእኔ የተለካው አትሮንስ

አያ ደሴ፣

በሕይወት ሳለህ እንደምጠራህ ልጥራህ፤ «ሟች ባለቤቴ» ማለት አፌ እምቢ ብሎኛል። አንተን ከቀበርን ክረምቱ አልፎ፣ ገብሱ ታጭዶ፣ ይኸው ሌላ ክረምት ሊገባ ነው። ሙት ዓመትህ ደርሷል። ደህና ነኝ ብዬ ልጀምርልህ አስቤ ነበር። ግን ደህና አይደለሁም፤ ተቆጥቻለሁ። የተቆጣሁትም በአንተ ነው።

አስቀድሜ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። የምትሠራበትን ክፍል ለድንች ነጋዴ አከራይቼዋለሁ፤ የእንጨት ሽታው ጠፍቶ አሁን አፈር አፈር ይላል። መጋዝህንና መላጊያህን በጆንያ ጠቅልዬ አልጋዬ ሥር አስገብቻቸዋለሁ። ልጃችን ከባሕር ዳር እየደወለች ነይና ከእኔ ጋር ኑሪ ትለኛለች። እኔ ግን አንተ ያበጀኸውን በር ትቼ የሰው በር መክፈት አላማረኝም። ጧት ጧት ያው ዳዊቴን እደግማለሁ። ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ አንገቴን ደፍቼ ነው የምደግመው።

የዳዊቴ መዘርጊያ፣ አትሮንሱስ የት ሄደ ትለኝ ይሆናል። ብዕር ያነሣሁትም እሱን ልነግርህ ነው።

የአንገቴ ሕመም የጠናብኝን ጊዜ መቼም አትረሳውም። ሐኪሙ ጎንበስ ማለት ተዪ ሲለኝ፣ አባቴ በልጅነቴ ያስተማሩኝን ዳዊት ልተው ነው ብዬ አለቀስኩ። አንተ ባርኔጣህን አንሥተህ ወጣህ። ከሰነበተ በኋላ ከይፋግ በጭነት መኪና የመጣ የዋንዛ ሳንቃ ተሸክመህ ገባህ። በርጩማዬ ላይ አስቀመጥከኝና ዳዊቱን አንገትሽ እስከማያምሽ ድረስ ከፍ አድርገሽ ያዢ አልከኝ። ከመሬት እስከ መጽሐፉ በሲባጎ ለክተህ ቋጠርከው። እጄ ሲዝል መልሰህ ታስይዘኛለህ፣ እኔ እስቃለሁ፣ አንተ ደግሞ እንዳልስቅ ትቆጣለህ፤ ስስቅ ልኩ ይበላሻል እያልክ።

ክረምቱን ሙሉ እሱን ስትፈለፍል ከረምክ። ሁለቱ ክንፎች ከአንድ ሳንቃ ወጥተው፣ መሃል ላይ እንደተጠላለፉ ጣቶች ተያይዘው፣ ሲፈለግ የሚዘረጋ ሲፈለግ የሚታጠፍ እንዲሆን ነበር ሐሳብህ። የመጀመሪያው መታጠፊያው ላይ ተሰነጠቀ። በምስማር ይያዝ ብልህ አኮረፍከኝ። ምስማር የነካው አትሮንስ ቤቴ አይገባም ብለህ ለማገዶ ጣልከውና ሁለተኛውን ጀመርክ። በሁለተኛው ላይ ዳዊቴን ዘርግቼ፣ ቀና ብዬ፣ እጄን ጭኔ ላይ አሳርፌ ስደግም አንተ በር ላይ ቆመህ ታየኝ ነበር። እንዲያ ደግሜ አልጠገብኩም፤ ሞት ወሰደህ።

የአርባህ ዕለት ወንድምህ ቄስ አበጀ አትሮንሱን ከእልፍኝ ይዞት ወጣ። ሳይጠይቀኝ፣ ሳያማክረኝ፣ ድንኳኑ መሃል ከፍ አድርጎ፣ ወንድሜ በእጁ የሠራው ነው፣ ለነፍሱ መታሰቢያ ለቤተ ክርስቲያን ሰጥተናል አለ። ካህናቱ መረቁ፤ ሰው ሁሉ አሜን አለ። ነገር ሳይደርቅ በርጥቡ ነው የሚባለው፤ እኔ ግን ከል ለብሼ፣ ሐዘንተኛው ዙሪያዬን ከቦኝ፣ ለባሌ ነፍስ የተሰጠውን መልሱልኝ ልበል? ለነፍሱ እንኳ ሰሰተች ሊሉኝ? አንገቴን ደፋሁ። መድፋቱን እንደሁ ለምጄዋለሁ።

ከዚያማ ምን ሆነ መሰለህ። ቁመቱ በርጩማ ላይ ለተቀመጠች ሴት ነው፤ እነሱ የሚያነቡት ቆመው ነው። መጀመሪያ ድንጋይ ላይ አቆሙት፣ ተንገዳገደባቸው። ቆይተው ዕቃ ቤት ወረወሩት። ሌላ ረጅም አሠርቼ ላምጣና ይኼን መልሱልኝ ብዬ የደብሩን አስተዳዳሪ ለመንኳቸው። ለታቦት የገባ ለሰው አይወጣም አሉኝ። ይኼን እኔም አውቀዋለሁ፤ ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ እኔም የምመልሰው ይኼንኑ ነው።

ባለፈው በዓል ግን አትሮንሱን አየሁት። ከሴቶቹ መሃል ቀና ብል፣ የባሕር ዛፍ እግር ቀጥለውለት፣ በቆርቆሮ ምስማር መትተውት፣ ታምረ ማርያም ይነበብበታል። ዋንዛው ምስማሩ በገባበት ሁሉ ተሰንጥቋል። የተነበበውን አንድም ቃል ሳልሰማ ወጣሁ።

በዚያው እግሬ ወንድምህ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ልለው፣ የዓመት ቂሜን ላወጣበት ነበር። ሁሉንም ነገርኩት። ሰውየው ደነገጠ። እታለም፣ እኔ ምን አጠፋሁ፣ ሲፈለፍለው ደርሼ ለማን ነው ብለው ለቤተ ክርስቲያን ነው አለኝ እኮ አለኝ። በአፅምህ ማለልኝ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር፣ አመንኩት።

አያ ደሴ፣ ለምን እንዲያ እንዳልክ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ውኃ ቀድተህልኝ ወንድምህ ስላየህ ስንት ዘመን የሚስት ሎሌ እያለ አሾፈብህ። ለሚስቴ ነው ብትል መሳቂያ እሆናለሁ ብለህ ፈራህ። ለእኔ ክረምት ሙሉ ስትደክም ያላፈርክ ሰው፣ ለእኔ መድከምህን መናገር አሳፈረህ። አንዲት ቃል ብትናገር አትሮንሴ ዛሬ ቤቴ ነበር። ይኼ ነው ያቃጠለኝ። ወንድምህን ይቅር ብዬዋለሁ፤ አንተን ገና ነኝ።

ለሙት ዓመትህ ካህናቱ ሲመጡ የአትሮንሱን ነገር ማንሣታቸው አይቀርም። ዘንድሮ ዝም አልልም። ለእኔ ነው የሠራው፣ በእኔ ልክ ነው የሠራው እላለሁ፤ ወንድምህም ይስማ፣ ጎረቤቱም ይሳቅ። ሰው ለቤተ ክርስቲያን ሰጪ ብሎ ያስብህ፣ ደግ ነው። እኔ ግን እስክሞት የማስብህ ሚስቱን ወድዶ መውደዱን ለወንድሙ መንገር እንዳፈረ ሰው ነው። ለነፍስህም ዳዊት መድገሜን አልተውኩም። ጎንበስ ብዬ እደግምልሃለሁ።