«ክኒኑን በአግባቡ አልወሰደችም» የምትለው መስመር ትሰረዝልኝ

ለክቡር የመድኃኒት አቅርቦት መምሪያ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ ደምዎም የማያንስ ይሁን። እኔ በአንድ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ አሥራ አራት ዓመት የሰው ደም ስመረምር የኖርኩ ሠራተኛ ነኝ። በመዝገብ ቤት በኩል የላክሁልዎ ደብዳቤ ያስገኘልኝን ስላየሁ፣ ያሁኑን ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ መርጫለሁ።

፩. የብረት ክኒን ይታደልባቸው የነበሩትን ባለክዳን ብልቃጦች በአንድ ሰርኩላር ስላስቀሩልን አመሰግናለሁ። ከዚያ ወዲህ ሺህ ክኒን የሚይዘው ጣሳ መድኃኒት ማደያው መስኮት ሥር አፉን ከፍቶ ይከርማል፤ ነፍሰ ጡሮችም የወር ድርሻቸውን በወረቀት ተጠቅልሎ ይቀበላሉ። የክኒኑ ልባስ ተሰነጣጥቆ ቡናማ ነጥብ ማውጣቱን ለመድኃኒት አዳዩ ባመለክተው፣ ሰርኩላሩ ስለ ቀለም የሚለው ነገር እንደሌለ በትሕትና አስረድቶኛል።

፪. ታናሽ እህቴ ካረገዘች በአምስተኛው ወር ከዚያ ጣሳ መውሰድ ጀመረች። በየወሩ ደሟን የለካሁት እኔ ነኝ፤ በየወሩም ቀነሰ። አዋላጇ ተቆጣቻት። እኔም፣ ክቡር ሆይ፣ ተቆጣኋት።

«እትዬ፣ አንድ ቀን እንኳ አልዘለልኩም» አለችኝ።

አላመንኳትም። ካርዷ ላይ «ክኒኑን በአግባቡ አልወሰደችም» ተብሎ ሲጻፍ አጠገቧ ቆሜ ዝም አልኩ።

ስትወልድ ብዙ ደም ፈሰሳት። ሕፃኗ ተረፈች፤ እሷ አልተረፈችም። ባሏ ካርዱን አንብቦ፣ በገዛ እጇ ነው ብሎ ለለቀስተኛው ሁሉ ተናገረ። ዛሬም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ልጅቷም ነፍስ ስታውቅ ከአባቷ አፍ የምትሰማው ይህንኑ ነው።

፫. ልብሷን ሳጣጥፍ የክኒን መጠቅለያዎቹን በሙሉ አገኘኋቸው። በእያንዳንዱ ላይ ለዋጠችው ክኒን አንዳንድ የእርሳስ ጭረት አስምራለች፤ የጎደለ ቀን የለም። በመጨረሻው ወረቀት ውስጥ ስምንት ክኒን ቀርቶ ነበር። አደቀቅኋቸው፣ በአሲድ አሟሟኋቸው፣ ሐምራዊውን መለኪያ ፈሳሽ ጠብታ በጠብታ ጨመርኩባቸው፤ ደህና ብረት በበዛበት መጠን የሚጠጣው ጠብታ ይበዛል። በዚያው ጊዜ ከተመረተ፣ እስከዚያ ቀን ካልተከፈተ ጣሳ የወጣው ክኒን ሠላሳ ሁለት ጠብታ ሲጠጣ የእሷው አሥራ ዘጠኝ ላይ ጠገበ። እንዳልሳሳት ብዬ፣ አዲስ ጣሳ ከፍቼ እኩሌታውን በክዳን፣ እኩሌታውን መስኮት ላይ ለስድስት ሳምንት አቆየሁ፤ በየሳምንቱም ለካሁ። በክዳን ያለው ባለበት ሲቆይ የመስኮቱ በየሳምንቱ ወረደ። ብረቱ የትም አልሄደም፤ ዛገ እንጂ። ሰውነት በደንብ የሚቀበለው ዓይነት ግን አለቀ። ደጅ የከረመ ሚስማር ያየ ሁሉ ይህን ያውቃል።

፬. ውጤቱን ልኬልዎ በዘጠኝ ቀን ውስጥ መልስ መስጠትዎ አስደንቆኛል። ያለ ፈቃድ ምርመራ በማካሄዴና የመሥሪያ ቤቱን አሲድ በመጠቀሜ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል። ክኒኖቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ደረጃቸውን ያሟሉ እንደነበርም አስረድተውኛል። እውነት ነው። እህቴም ከቤቷ ስትወጣ በሕይወት ነበረች።

ጣሳው ገደላት አልልም፤ ያልለካሁትን አልናገርም። የምለምነው ጣሳው እንዲከደን፣ ብልቃጦቹ እንዲመለሱና ያቺ አንዲት መስመር ከካርዷ ላይ እንድትሰረዝ ነው። እኔ ብሰርዛት ሰነድ ማበላሸት ይሆናል፤ የእርስዎ ብዕር ግን ይህን ያህል አይከብድም።

ከፍ ካለ አክብሮት ጋር፣

ማስጠንቀቂያ የተሰጣት፣ ዝም ያለችበትን ቀን የማትረሳ፣

የሟች ታላቅ እህት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልጅዎ ማርገዛቸውን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። የብረት ክኒናቸውን ከግል ፋርማሲ፣ በታሸገ ብልቃጥ እንዲገዛላቸው ማዘዝዎን ሾፌርዎ አጫውቶኛል። ደግ አድርገዋል፤ የአባት ወጉ ነው። የእኛ አባት ግን ምስኪን፣ የተሰጠሽን ዋጪ ነበር ያሏት።