ሬንጅና ድንጋይ

ኖቬምብሬ 4

ዛሬም የምናጥበው አሸዋ ገባ። ጥቁር፣ ሬንጅ የጠጣ አሸዋ። እኔና ባሌ እንዳሻው በርሜሉ ውስጥ ፍል ውሃና ሶዳ ጨምረን ስናማስለው ዋልን። አሸዋው ሲዘቅጥ ሬንጁ እንደ ወጥ ቅባት ከላይ ይንሳፈፋል፤ በረጅሙ ብረት ጭልፋ እገፍፈዋለሁ። አለቃችን ጋሽ ጃንካርሎ ቶሎ ቶሎ እያሉ ሲነዘንዙኝ ዋሉ። ጣሊያን ይሁኑ እንጂ አዲስ አበባ ነው ያደጉት፤ የአማርኛ ስድብ አይቸግራቸውም። የሠርጋችንም ምስክር ናቸው... ምን ይባላል?

ወደ ሰፈራችን ቶር ፒኛታራ ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ሰው አፍንጫውን ያዘብን። ይያዝ!

ኖቬምብሬ 7



ጋሽ ጃንካርሎ ጋዝ ለመቆጠብ እሳቱን ቀንሰውት ኖሯል። ሬንጁ አሸዋውን አልለቅ አለ፣ ጭቃ ሆነ። እሳቸው ግን ጥፋቱን በእንዳሻው አላከኩ። እሱም በትሕትና ውሃው በደንብ አልጋለም፣ ጋሼ አላቸው።

«አልጋለም? እስኪ እንየው!»

አንጓውን ይዘው እጁን በርሜሉ ውስጥ ነከሩት። ይዘው ቆዩ። ጩኸቱ... አሁንም ጆሮዬ ውስጥ ነው። ለሬንጁ ያልበቃው ሙቀት ቆዳውን ገፈፈው። በጭልፋው ብረት ጆሯቸው ላይ አሳረፍኩባቸው። ደም። ደገምኳቸው።

ኖቬምብሬ 8

እንዳሻው ለሐኪሞቹ የፓስታ ውሃ ተደፋብኝ አላቸው! ፔርሜሶው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ሊታደስ ነዋ፤ ኮንትራቱን የሚፈርሙለት ጋሽ ጃንካርሎ ናቸው። ሁለት ጣቱ አይታጠፍም። 

ኖቬምብሬ 13

ሽማግሌ ገባ። አባ ተስፋ ሥላሴና እትዬ የሺወርቅ። ፍርዱስ? ደም ያፈሰስኩት እኔ፣ ታናሽም እኔ፤ ድንጋይ ተሸክሜ ይቅርታ ልጠይቅ! የእንዳሻው እጅስ ብላቸው፣ ጃንካርሎ ያደረገው በንዴት ነው አሉኝ። እኔ በምን ነበር የመታሁት? በደስታ?

እንዳሻው ስለ እኔ ብለሽ ብሎ ለመነኝ። እሺ አልኩ። ለሱ ስል።

ኖቬምብሬ 16፣ እሑድ

ድንጋዩን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ወንበራቸው ፊት ቆምኩ። ይቅር ለእግዚአብሔር አልኩ። ይቅር ብያለሁ አሉ። ሽማግሌዎቹ ተመስገን አሉ።

ከዚያ ሰውዬው፣ ከእንግዲህ ጋሽ አልለውም፣ «አሎራ፣ እንግዲህ እንጨባበጣ» አለና የእንዳሻውን ፋሻ ያዘ። ጨመቀው። እየሳቀ! እንዳሻው ተንበረከከ።

ድንጋዩን የሰውዬው ጉልበት ላይ ለቀቅኩት። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ኖቬምብሬ 17

እንዳሻው ተቀይሞኛል። ሳጎርሰው እንኳን ዓይኔን አያይም። ትዳሬን በገዛ እጄ አፈረስኩት?

ኖቬምብሬ 20

ሰውዬው ከሶኛል። ፖሊሶቹ፣ ካራቢኒየሪ፣ ለነገ ጠርተውኛል። 

ኖቬምብሬ 21

ጠዋት ልወጣ ስል እንዳሻው በግራ እጁ ከጃኬቱ ጋር ሲታገል አገኘሁት። የት ነው አልኩት።

«አብሬሽ ነው የምሄደው። ያንቺን ከመስማታቸው በፊት እጄን ይዩ።»

ፔርሜሶህስ ብዬ ስጠይቀው፣ ለሱ ስል እጄንም አንቺንም ሸጥኩ፣ በቃኝ አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ ድንጋዩን ትንሽ ከፍ አድርገሽ ብትለቂው ኖሮ ብሎ ሳቀ። እኔ አለቀስኩ።

የጃኬቱ እጅጌ በፋሻው አላልፍ አለ። መቀስ አምጥቼ እጅጌውን ቀደድኩለት።